እስከ እሑድ ማታ ብቻ፦ ብልጭልጭ የጥፍር ቀለምንና የሚላጥ ቤዝ ኮትን በተመለከተ ያየሁት

በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ የምሠራውም አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው የእጅ ንጽህና መመሪያ ሕሙማንን የሚነካ ባለሙያ ሰው ሠራሽ ጥፍር እንዳያደርግ፣ የራሱም ጥፍር ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እንዳይረዝም ይመክራል፤ በእኛ ክፍል ደግሞ ከዚህ አልፎ ማንኛውም የጥፍር ቀለም የተከለከለ ነው። እኔ ግን ብልጭልጭ ቀለም እወዳለሁ። ጥር ሲገባና ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ ሰርግ የማልጠራበት ቅዳሜ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያለብኝ ጣጣ ቀለሙ ለስንት ቀን ይቆያል የሚል አይደለም፤ ቅዳሜ ጧት ተቀብቼ ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ባዶ ጥፍር ይዤ ለመገኘት ምን ላድርግ የሚል ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለአንድና ለሁለት ቀን ብቻ መቀባት ለሚፈልጉ ሴቶች ነው፤ ቀለማቸው ሁለት ሳምንት እንዲቆይላቸው የሚሹ ግን ከዚህ ጽሑፍ ብዙ አይጠቀሙም።

ከሦስት ዓመት በፊት በጥር ወር የአክስቴ ልጅ ስታገባ ከሚዜዎቿ አንዷ ነበርኩ። ሁላችንም አንድ ዓይነት ወርቃማ ብልጭልጭ እንድንቀባ ተስማምተን ከመርካቶ አንድ ጠርሙስ ገዛን፤ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ቅንጣቶቹ ትልልቅና ብዙ ስለነበሩ ሦስት ጊዜ ደራርበን ስንቀባው በፎቶግራፍ ላይ እጅግ ያምር ነበር። ጣጣው የመጣው እሑድ ከመልሱ ተመልሼ ማታ አምስት ሰዓት ላይ የቀለም ማስለቀቂያውን አሴቶንና ጥጥ ይዤ ስቀመጥ ነው። ጥጡ ቀለሙን ያነሣል ብዬ ስጠብቅ ቀለሙ ጥጡን ይዞ አስቀረው፤ እያንዳንዱ ጣቴ ነጭ ጠጉር እንዳበቀለ ሆነ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የጸዱት አራት ጣቶች ብቻ ነበሩ። ትዕግሥቴ ሲያልቅ የብረት ሞረድ አንሥቼ የቀረውን መፋቅ ጀመርኩ፤ ያደረግሁት ትልቁ ስሕተትም ይህ ነው። የአውራ ጣቴ ጥፍር ገጹ ተፋፍቆ ነጫጭ ነጠብጣብ አወጣ፤ የሌባ ጣቴ ጥፍር ጠርዝ ላይ ያለው ቆዳ ተቆርጦ በማግሥቱ ቀልቶና አብጦ አደረ። ሰኞ ዕለት እጄን በአልኮል ባሸሁ ቁጥር ያቃጥለኝ ስለነበር የክፍላችን ኃላፊ አይታ፣ «ሲስተር፣ ጣትሽን ምን ነካው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እውነቱን ለመናገር ስለ ቀለም ማውራቱ አሳፈረኝ። የእጅ ጥፍር በወር የሚያድገው ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ ያ ነጠብጣብ ከአውራ ጣቴ ተገፍቶ እስኪወጣ አምስት ወር ፈጅቷል።

በኋላ ስረዳው ጥፋቱ የአሴቶኑ አልነበረም። ተራ የጥፍር ቀለም ናይትሮሴሉሎስ የተባለ ነገር በፈሳሽ ሟሙቶ የተሠራ ነው፤ ፈሳሹ ሲተን ስስ ሽፋን ይቀራል፤ አሴቶን ይህን ሽፋን መልሶ ስለሚያሟሟው በጥጥ ይጠረጋል። ብልጭልጩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጣም ስስ ከሆነ የፖሊስተር ፕላስቲክ የተቆራረጠ ቅንጣት ነው፤ ፕላስቲኩን አሴቶን አያሟሟውም። ቅንጣቶቹ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተደራርበው ስለሚተኙ አሴቶኑ ወደ ታችኛው ሽፋን እንዳይደርስ ይከላከሉታል፤ ሹል ጠርዛቸው ደግሞ የጥጡን ክር ይይዛል። ጥፍርን በአሴቶን በተነከረ ጥጥና በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሎ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ደቂቃ መተው ይህን ችግር በከፊል እንደሚፈታው ዐውቃለሁ፤ ለብዙ ዓመታትም ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው። ሆኖም ያን ያህል ጊዜ በአሴቶን የተዘፈዘ ቆዳ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ በቀን ብዙ ጊዜ እጇን ለምትታጠብ ነርስ ደግሞ የተሰነጠቀ ቆዳ ቀላል ነገር አይደለም።

እናቴ ጣቴን አይታ የሰጠችኝን አስተያየት ሳልጠቅስ አላልፍም። «እኛ እንሶስላ ስንሞቅ ማስለቀቅ የሚባል ሐሳብ አልነበረብንም፤ ከጥፍሩ ጋር አድጎ ይሄዳል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እንሶስላ ጥፍሩን ራሱን ያቀላዋል እንጂ በላዩ ላይ ሽፋን አይሠራም። ነገር ግን እንሶስላዬን ሰኞ ጧት ምን አደርገዋለሁ?

መፍትሔውን የነገረችኝ ፍራንክፈርት የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። በስልክ ስሜቴን ስነግራት ስቃ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሞረዱን ወዲያ ጣይው። ከቀለሙ ሥር ከሚቀባው ቤዝ ኮት ውስጥ እንደ ሙዝ ልጣጭ የሚላጥ አለ፤ ሰው ሲመጣ እልክልሻለሁ» አለችኝ። ከወር በኋላ ትንሽ ጠርሙስ ደረሰችኝ። ኦፒአይ የተባለው ኩባንያ ግሊተር ኦፍ በሚል ስም ለዚሁ ለብልጭልጭ ብሎ ያወጣው አለ፤ ርካሽ የሆኑ የሌሎች ኩባንያዎች ምርቶችም አሉ፤ ሁሉም በአሠራራቸው ይቀራረባሉ። ጠርሙሱ ሲከፈት የጥፍር ቀለም ሳይሆን የተማሪ ቤት ነጭ ማጣበቂያ ይሸታል፤ ይህም ያለምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ዘመዶች ናቸውና። በውሃ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ጥቃቅን የሙጫ ጠብታዎች ናቸው፤ ውሃው ሲተን ጠብታዎቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንደ ላስቲክ የሚሳብ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። ይህ ሽፋን ከላዩ የሚቀባውን ቀለም አጥብቆ ይይዛል፤ ጥፍርን ግን የሚይዘው በደካማው ነው። ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት በችኮላ ነበር። እጄን የወይራ ዘይት ተቀብቼ፣ ዘይቱን በመሐረብ ብቻ ጠርጌ ቤዝ ኮቱን ቀባሁ፤ ሳይደርቅም ብልጭልጩን ደረብኩበት። ሰርጉ ቤት ደርሼ ለምሳ ስንቀመጥ አንዲት ልጅ ማስታጠቢያ ይዛ መጣች፤ ሞቅ ያለ ውሃ ስታፈስልኝ የአውራ ጣቴ ቀለም ሙሉውን እንደ ዓሣ ቅርፊት ተንሸራቶ ሳህኑ ውስጥ ወደቀ። ልጅቱ ጥፍሬ የወለቀ መስሏት ደነገጠች። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ሣቁ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ ነገር ግን ያ ቁራጭ የወደቀው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ዶሮ ወጡ ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም አይሥቅም ነበር።

በሁለተኛው ሰርግ ደግሞ ከመጠን በላይ ተጠነቀቅሁ። ጥፍሬን በአልኮል ሁለት ጊዜ ጠርጌ፣ ቤዝ ኮቱን በጣም አሳስቼ አንድ ጊዜ ብቻ ቀባሁ። ቀለሙ ሳይነቃነቅ ሁለቱን ቀን ዋለ፤ እሑድ ማታ ግን አልላጥ ብሎ በጥቃቅኑ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። ከነዚህ ሁለት ውድቀቶች የተረዳሁት፣ የሚላጥ ቤዝ ኮት እንደ ሚዛን የሚስተካከል ነገር እንደሆነ ነው፤ ጥፍሩ የበለጠ ደረቅና ንጹሕ በሆነ ቁጥር ይበልጥ ይይዛል፤ ሽፋኑ ወፈር ባለ ቁጥር ይበልጥ በሙሉው ይላጣል። አሁን የማደርገው ይህን ነው፦ ከመቀባቴ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት እጄን በሳሙና ታጥቤ በደንብ አደርቃለሁ፤ ጥፍር ውሃ ስለሚመጥ ወዲያው ታጥቦ መቀባት አይጠቅምም። ዘይትና ቅባት አልነካም። ዝግጅቱ የአንድ ቀን ከሆነ አልኮሉን እተወዋለሁ፤ ሁለት ቀን ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ጠረግ አደርጋለሁ።

ቤዝ ኮቱን የምቀባው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሲቀባ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ሲደርቅ መስተዋት ይመስላል። ይህ የቀለም ለውጥ ከማንኛውም ሰዓት የተሻለ ምልክት ነው፤ በጥፍሩ ጠርዝ ላይ ጥቂት ነጭነት እንኳ ከታየ አልደረቀም ማለት ነው። በጥር ወር አየሩ ደረቅ ስለሆነ አንዱ ሽፋን በአሥር ደቂቃ ያልቃል፤ በሐምሌ ግን እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ጠብቄ ዐውቃለሁ፤ በፀጉር ማድረቂያ ሙቅ አየር ላፋጥነው ብዬ ሞክሬም ከላይ ደርቆ ከሥር ለስልሶ ቀረና በጣት ሲነካ ይሰረጉድ ነበር። ሽፋኑ የጥፍሩን ሥር ቆዳ መንካት የለበትም፤ ቆዳው ሲንቀሳቀስ ሽፋኑን አብሮ ያነሣዋልና። በአንጻሩ ብልጭልጩ ቤዝ ኮቱ ወዳልደረሰበት የጥፍር ክፍል ከተሻገረ እዚያ ቦታ ላይ በቀጥታ ከጥፍሩ ጋር ይጣበቅና ሲላጥ ይስበዋል። ስለዚህ ብልጭልጩ ከቤዝ ኮቱ ድንበር በአንድ ክር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲቆም አደርጋለሁ። ይህን ለመልመድ ሦስት አራት ጊዜ ይፈጃል፤ በተለይ በግራ እጅ ሲቀባ።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ብልጭልጩን ብቻ በቤዝ ኮቱ ላይ ከቀባነው ሽፋኑ የሚያያይዘው ነገር ስለሚያንሰው ሲላጥ ይሰባበራል። በመካከል አንድ ዙር ተራ ቀለም፣ ለምሳሌ ለወርቃማው ብልጭልጭ ቡናማ ወይም ቢጫ ቀለም ብንቀባ፣ ብልጭልጩም በላዩ ሆኖ መጨረሻ ላይ ቶፕ ኮት፣ ማለትም ከላይ የሚቀባው ግልጽ ሽፋን፣ ቢደረብበት ሁሉም አንድ ወጥ ቁራጭ ይሆናሉ፤ ሲነሡም አብረው ይነሣሉ። ከዚህም በላይ የታችኛው ቀለም ስለሚሸፍንልን ሦስት ዙር ብልጭልጭ መደረብ አያስፈልግም፤ አንድ ዙር ይበቃል። ቶፕ ኮቱን የጥፍሩን ጫፍ አልፎ እስከ ጠርዙ ድረስ አወርደዋለሁ፤ ውሃ በብዛት የሚገባው በዚያ በኩል ነውና። ጫፉ ላይ የምትቀረው ጥቂት ቀለም በኋላ በአንድ የአሴቶን ጥጥ ትጠረጋለች።

በእጅ ስለምንበላ ስለ ምግብ ጉዳይ ትንሽ መዘግየት እፈልጋለሁ። የሚላጥ ቤዝ ኮት ጠላቱ ሞቅ ያለ ውሃና ዘይት ነው፤ የእኛ ገበታ ደግሞ በሁለቱም የተሞላ ነው። ከምግብ በፊት መታጠብ፣ ትኩስ ወጥ፣ ቅቤ፣ ከምግብ በኋላ እንደገና መታጠብ፤ ይህ ሁሉ ሽፋኑን ከጠርዙ ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ለመታጠብ ቀዝቃዛ ውሃ እመርጣለሁ፤ ቶሎ አደርቃለሁ፤ ከመቁረሴ በፊትም የቀኝ እጄን አምስት ጣቶች ጠርዝ በሌላው እጄ አውራ ጣት ዳሰስ አደርጋለሁ። የተነሣ ጠርዝ ካገኘሁ እዚያው ነቅዬ በናፕኪን ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ፤ አንድ ጣት ባዶ መሆኑ በሰው ማዕድ ላይ ፕላስቲክ ከመጣል ይሻላል። ሊጥ ማቡካት፣ ሽንኩርት መክተፍና ለሌላ ሰው ጉርሻ መስጠት ግን በዚህ ቀለም ፈጽሞ አይደረግም ባይ ነኝ። ጉርሻውን የተመለከተውን ክልከላዬን ዘመዶቼ እንደ ኩራት ቆጥረውብኝ ያውቃሉ።

አሁን ወደ እሑድ ማታ ልመለስ። ስሙ የሚላጥ ስለሆነ ብዙ ሰዎች በደረቁ ይጎትቱታል፤ ይህ የጥፍርን የላይኛውን ስስ ሽፋን ይዞ ሊነሣ ይችላል፤ ቤዝ ኮቱን የተቀባነው ደግሞ ከዚሁ ለመሸሽ ነበር። እኔ ለብ ባለ ውሃ ጎድጓዳ ሳህን ሞልቼ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጠብ አድርጌበት፣ ጣቶቼን አምስት ደቂቃ ያህል እነክራለሁ። ከዚያም በአዲስ የጥርስ መፋቂያ ጫፍ ላይ ያለውን ልጣጭ ገፍፌ፣ እንደ ማንኪያ ጠፍጠፍ አድርጌ ጠርቤ፣ ከጥፍሩ መነሻ ጎን በኩል ከሽፋኑ በታች ቀስ ብዬ አስገባዋለሁ። ስቲኪኒ በጣም ሹል ስለሆነ ለዚህ አይሆንም፤ ብረት የሆነ ነገር ደግሞ ጨርሶ አላቀርብም። ጠርዙ ሲነሣ ውሃው በሥሩ እንዲገባ ጥቂት እጠብቅና መፋቂያውን ወደ ጥፍሩ ጫፍ እገፋለሁ፤ ከላይ አልጎትትም። ብዙ ጊዜ ቀለሙ ሙሉውን የጥፍሩን ቅርጽ እንደያዘ ይነሣል። አሥሩም ጣቶች ከመነከሪያው ጋር ከሃያ ደቂቃ አይበልጡም።

አንዳንድ ጣት እምቢ ይላል። ያን ጊዜ በኃይል መቀጠል አያስፈልግም፤ እንደገና አምስት ደቂቃ መንከር፣ ወይም በተነሣው ጠርዝ ሥር አንድ ጠብታ ዘይት ማስገባት ይበቃል። ይህም ካልሠራ ወደ አሴቶኑና ወደ ፎይሉ እመለሳለሁ። ነገር ግን አሴቶን ይህን ቤዝ ኮት አለስልሶ እንደ ማስቲካ የሚያዝ ነገር ስለሚያደርገው በመጀመሪያ በውሃ የሚነሣውን ያህል ማንሣት የግድ ነው። አሴቶን በቀላሉ እሳት የሚይዝ መሆኑንም ላስታውስ፤ የቡና ከሰል በተያያዘበት ወይም ጧፍ በበራበት ክፍል ውስጥ አይከፈትም።

ከእህቴ የመጣው ጠርሙስ ሲያልቅ፣ የእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ነጭ ማጣበቂያ ላይ ዐይኔን ጣልኩ። ሁለት እጅ ማጣበቂያ ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ባዶ የቀለም ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩት። የመጀመሪያው ቅልቅል ወዲያው እንደ እርጎ ረጋ፤ ጠርሙሱን ያጠብኩት በአሴቶን ስለነበርና በደንብ ስላልደረቀ ነው። ሁለተኛው ሠርቷል፤ ሆኖም ከተገዛው ይልቅ በውሃ ቶሎ ስለሚለሰልስ ከአንድ ቀን በላይ አላመንኩትም። አናጺዎች ለእንጨት የሚጠቀሙበትን ኮላ ግን ማንም እንዳይሞክር አደራ እላለሁ፤ ከመካከሉ ውሃ እንዲቋቋም ሌላ ኬሚካል የተጨመረበት አለ፤ ለቆዳ ተብሎም አልተሠራም። የተገዛው ጠርሙስ አፉ ላይ ሲደርቅም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በአሴቶን አይነካም፤ ሲወፍርም አሴቶን አይጨመርበትም።

የምናገረው ሁሉ ስለ ተራ ቀለም ነው። በመብራት የሚደርቀውን ጄል፣ ሺላክ የምንለውን፣ በዚህ በውሃ የተሠራ ቤዝ ላይ አልሞከርኩም፤ ለእሱ ሌላ ዓይነት ቤዝ አለው። ጥፍሯ ቀድሞውኑ የሚሰነጠቅ ወይም ንብርብሩ የሚነሣ ሴትም ጥፍሯ አድጎ እስኪያገግም ብትቆይ ይሻላታል፤ ለስላሳው ልጣጭ እንኳ ለተነሣ ንብርብር ከባድ ነው። ቆዳዋን የሚያሳክካት ወይም የሚያቀላት ካለችም ታጥባ ትተወው።

የተላጡትን ቁርጥራጮች ወደ ውሃ መውረጃ አልጥላቸውም፤ ፕላስቲክ ናቸውና። የአውሮፓ ኅብረት ልቅ የሆነ የፕላስቲክ ብልጭልጭ እንዳይሸጥ ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መገደብ የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ወረቀት ላይ ደርድሬ እቆጥራቸዋለሁ፤ ይህ ልማድ የመጣው ከምግቡ ጉዳይ ነው። አሥር ከሆኑ ወረቀቱን አጥፌ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ባለፈው ሰርግ ማግሥት ዘጠኝ ሆኑብኝ፤ የጎደለው የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ነበር። ማዕዱን እያሰብኩ ሌሊቱን በጭንቀት አደርኩ፤ ሰኞ ማታ ከሥራ ተመልሼ የሐበሻ ቀሚሴን ለማጠብ ስገለብጠው፣ አሥረኛው ቁራጭ የእጅጌው ጥልፍ ውስጥ ተሰክቶ ከወርቃማው ክር ጋር ተመሳስሎ አገኘሁት።